ለአንድ ሰው የተሠራ አግዳሚ

ጥቅምት 8 ቀን

ለልጅ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ጣውላ ሊያራግፍ የመጣ ዕለት ሰጠኝ። ደህና ነኝ። ጉልበቴም እንዳለ ነው፣ ሳሉም እንዳለ ነው፤ ጠያቂ ስለሌላቸው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ስለ እናትሽ ደህንነት አልጻፍሽልኝም። ዘንግተሽ ነው እንዳልል አንቺ የምትዘነጊ ልጅ አይደለሽም።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቂ። ድሮ እኔ እናገራለሁ፣ አያትሽ ትጽፋለች። የተናገርኩትንም ያልተናገርኩትንም አሳምራ ስለምታሰፍረው ደብዳቤው የደረሰው ሰው ሁሉ እኔን ጨዋ አድርጎ ይገምተኝ ነበር። ነፍሷን ይማርና አሁን ሁለቱም ሥራ በኔ ላይ ወድቋል። እናትሽ "የጎረቤት ተማሪ ይጻፍልዎት እንጂ ምን ያደክምዎታል" ብላ ልካብኝ ነበር። የቤቴን ነገር ለጎረቤት ልጅ የምዘረግፍ ሰው አይደለሁም። ፊደሉን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ እሱ ነው እኔን የማያውቀኝ።

ቆሜ ነው የምጽፈው፣ እንጨት የምልግበት ጠረጴዛ ላይ። ቁጭ ስል ሐሳቡ ይሸሸኛል። በመሃል ደንበኛ ይገባል፣ ኮላው ይገነፍላል፣ ነፋሱ ሰጋቱራውን ወረቀቱ ላይ ያመጣዋል። ነገሬ ከተቆራረጠ አንቺ ገጣጥሚው።

ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። እኔ ዘንድ መጥተሽ የእንጨት ሥራ ልትማሪ እንደምትፈልጊ፣ ለእናትሽም እንዳልነግር ጽፈሻል። እሺ፣ አልናገርም። ግን ሰው ትምህርት ቤቱን በጥቅምት የሚጠላው በመስከረም አንድ ነገር ሲሆን ነው። "አብሮኝ የሚቀመጥ የለም" ብለሽ ጽፈሽ ሰርዘሽዋል። እኔ ደግሞ ከተጻፈው ይልቅ የተሰረዘው ይነበብልኛል። ምን ሆነሽ ነው? ስም አትንገሪኝ፤ ስም ከሰማሁ ያንን ሰው ዕድሜ ልኬን ነው የምጠላው፣ ራሴን አውቀዋለሁ። የሆነውን ብቻ ጻፊ።

ሌላ ደግሞ፣ የምትቀመጪበት ዴስክ ከወለሉ እስከ መቀመጫው ስንት ነው? ከመቀመጫው እስከ መጻፊያውስ? ሜትር ከሌለሽ በስንዝርሽ ለኪና እጅሽን ወረቀት ላይ ዘርግተሽ ዙሪያውን በእርሳስ ሳዪልኝ። ለምን ብለሽ አትጠይቂ።

እኔም ትምህርት የተውኩት ከሦስተኛ ክፍል ነው። ይኸው፣ አልሞትኩም።

አያትሽ


ጥቅምት 21 ቀን

ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሳልዎ እንዴት ነው? እማዬ ደህና ናት። ስለ እሷ ያልጻፍኩት አንዴ ከጀመርኩ እሷ የማታውቀው ነገር ሁሉ አብሮ እንዳይመጣ ፈርቼ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የሆነውን ልንገርዎት። በመስከረም መጨረሻ የሒሳብ መምህራችን ታመው በምትካቸው አንድ ሽማግሌ መምህር መጡ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ስለሆነ ክፍሉ ያሾፍባቸዋል። አንድ ቀን ጠመኔ ሊያመጡ ከክፍላችን ጎን ያለው ዕቃ ቤት ሲገቡ ሁለት ልጆች ከውጭ ቆለፉባቸው። ደወል እስኪደወል ብቻ ነበር፣ ለቀልድ። እኔ ግድግዳው አጠገብ ስለምቀመጥ ሲያስላቸው ይሰማኛል። እውነቱን ልንገርዎትና መጀመሪያ እኔም ሳቅሁ። ኋላ ግን ሳሉ የእርስዎን ሳል እየመሰለ መጣ። ተነስቼ ሄጄ ለዳይሬክተሩ ነገርኩ። ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እሱንም ነገርኩ።

ሁለቱ ልጆች ታገዱ፣ የክፍላችን ጉዞም ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ስሜ "ሬዲዮ" ነው። ገና ከበሩ ስገባ "ዝም በሉ፣ ሬዲዮው ተከፍቷል" ይላሉ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ ስትቀመጥ የኖረችው ልጅ ደብተሯን ሰብስባ ተነሳች። አሁን ሌሎቹ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ተጣበው ይቀመጣሉ፣ እኔ አጠገብ ቦታ እያለ። ለእማዬ ብነግራት ትምህርት ቤት መጥታ ትጮሃለች፤ ያኔ ደግሞ ለሬዲዮው ድምፅ ማጉያ ተገጠመለት ማለት ነው።

ከወለሉ መቀመጫው ሁለት ስንዝር፣ ከመቀመጫው መጻፊያው አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ነው። እጄንም ስዬዋለሁ። ለምን ብዬ ባልጠይቅም ማሰቤ አልቀረም።

እማዬ እርስዎ ከትምህርት ቤት የወጡት ተባርረው ነው ትላለች። እውነት ነው?

የልጅ ልጅዎ


ኅዳር 3 ቀን

ለልጅ ልጄ፣

ከደብዳቤሽ ይልቅ እጅሽን ብዙ አየሁት። የአያትሽን ያህል ሆኗል። ከመጋዞቹ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅየዋለሁ፤ የገባ ደንበኛ ሁሉ "መዳፍ ማንበብ ጀመርክ ወይ?" ይለኛል።

አልተባረርኩም። እናትሽ ይህን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ተባረርኩ ብዬ አልነገርኳትም፣ አልተባረርኩም ብዬም አልነገርኳትም። በገዛ እግሬ ነው የወጣሁት።

ራሴ ላይ ጭርት ወጥቶብኝ ነበር። እናቴ፣ የምትችለው እሱን ስለነበር፣ ፀጉሬን ላጭታ መንገድ ሠሪዎች ጥለውት ከሄዱት ሬንጅ እያቀለጠች ትቀባኝ ነበር። ጭርቱ ዳነ፣ ሬንጁ ግን አልለቀቀም። ፀሐይ ሲመታው ይሸታል፣ ኮፍያዬ ይጣበቅበታል። ስሜን "ሬንጅ" አሉት። አንድ ቀን መምህሩ ራሱ ስም ሲጠራ ተሳስቶ "ሬንጅ" አለ፤ እኔም "አቤት" አልኩ። ስሙ አይደለም፣ ያ "አቤት" ማለቴ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ከኋላ መስኮቱ ሥር ያለውን አግዳሚ ለብቻዬ ሰጡኝ። በቁመት ከሁላችን የሚበልጥ አንድ ልጅ ነበር፤ ረጅሙ እንበለው። ኮፍያዬን ከራሴ እየነቀለ በመስኮቱ የሚወረውረው እሱ ነው። ኮፍያው ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ በአፋቸው እያስመሰሉ ይስቃሉ። አንድ ቀን ኮፍያዬን ላመጣ ወጣሁ። አነሳሁት፣ አራገፍኩት፣ አጠለቅኩት፣ አልተመለስኩም። ቀጥ ብዬ አናጢ ቤት ገባሁ። እነሱ አላባረሩኝም፤ እኔ ነኝ የተውኳቸው። ልዩነቱን አንቺ ያዢው።

ይህን ከአያትሽ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከተጋባን በኋላ ፊደል እንደገና ያስጀመረችኝ እሷ ናት። "ለምን ተውከው?" ብላ አንዴ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ዳግም አላነሳችብኝም። አንቺም አታንሺ።

አንቺ እንኳ ለሚያስል ሰው በር አስከፍተሽ ነው፤ እኔ የሚሸት ራስ ይዤ ነው። ያንቺ ይሻላል። ስለዚህ አትለማመጪ፣ ደጅም አትጥኚ። እኔ ስድሳ ምናምን ዓመት ማንንም አልተለማመጥኩም።

ከሾፌሩ ጋር አንድ ነገር እልክልሻለሁ። ምን እንደሆነ አልናገርም። ብቻ ከእንግዲህ ማንም "አጠገብሽ አልቀመጥም" ሊልሽ አይችልም። ኮላው እየደረቀብኝ ነው፣ ልሂድ።

አያትሽ


ኅዳር 20 ቀን

አባባ፣

ዕቃው ደርሷል።

ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለን ነው መኪናው በሩ ላይ ጡሩንባ የነፋው። ሾፌሩና ረዳቱ ተሸክመውት በሰልፉ መሃል ለመሃል አለፉ። ሾፌሩ "መንገድ ልቀቁ፣ ብቻዋን ለምትቀመጠው ልጅ አያቷ የላከላት ነው" ይላል። ደግሞ እየቆመ "ብቻዋን የምትቀመጠው የትኛዋ ናት?" እያለ ይጠይቃል። ሁሉም በእጁ ወደ እኔ ጠቆመ። ሾፌሩ ሳቀና "እሰይ፣ ተገኘች" አለ።

ዴስክ ነው፣ የአንድ ሰው፦ አንድ የደብተር ማስቀመጫ፣ አንድ የእርሳስ ቦይ፣ ሁለቱም መሃል ላይ። "ለሬዲዮ ስቱዲዮ ተሠራላት" አሉ። ቀኑን ሙሉ እየመጡ ክዳኑን ያንኳኩና "ስቱዲዮው ክፍት ነው ወይ?" ይላሉ። ክፍሉ ውስጥ ቦታ ስለጠፋ ከኋላ መስኮቱ ሥር አስቀመጡት።

ድሮ ቢያንስ አጠገቤ ባዶ ቦታ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስገባ ጓደኛዬ ዛሬ ትመለስ ይሆናል እያልኩ ያንን ቦታ አየው ነበር፤ ደብተሬንም እሱ ላይ አላስቀምጥም። አሁን የድሮው ዴስክ ለሌሎች ተሰጠ። እርስዎ ቦታውን ጨረሱት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልሄድኩም። ለእማዬ ሆዴን አሞኛል ብያታለሁ። የመንፈቅ ፈተናው በጥር ነው፤ እሱን ያልተፈተነ ዓመቱ ያልፈዋል ተብሏል፣ ይለፈኝ። እርስዎ ጋም አልመጣም። እባክዎ ሌላ ነገር አይላኩልኝ።


ኅዳር 29 ቀን

ለልጅ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ባትጠይቂኝም ጉልበቴ ደህና ነው።

ሾፌሩን "ዕቃውን በጥንቃቄ ያዝ" አልኩት። "አፍህንም" አላልኩትም፤ ትልቅ ሰው ነው ብዬ ነው። እሱ "እኔ ምን አጠፋሁ፣ ደስ ይላታል ብዬ ነው" ይላል።

ሥራው ግን ሥራ ነው። አንድ ሚስማር የለበትም። በመሮ ተፈልፍሎ፣ በኮላ ተጋጥሞ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተሽቶ፣ በሞርሳ ተጨምቆ አድሮ የወጣ ነው። የልጅ ልጆችሽ ይቀመጡበታል። ይህን የነገረሽ የለም።

ይቅርታ የሚባለውን ቃል ልጽፍልሽ ነበር። ልክ እሱ ላይ ስደርስ ደንበኛ ገባ። ሲወጣ ቦታው ጠፋኝ።

እናትሽ ጎረቤት ስልክ ደውላ ሆድሽን ምን እንደነካው እኔን ጠየቀችኝ። አልናገርም ብዬሽ ስለነበር "ሆድ መቼም ያማል" አልኳት። "እስከዚህ ድረስ አያምም፣ አባባ" አለችኝ። እሷም የኔ ልጅ ናት፣ ሞኝ አይደለችም። ሳትደርስብሽ ራስሽ ንገሪያት።

ብትቀሪ ቅሪ። እኔም ቀርቻለሁ። የኔ ሙያ ላንቺም ይበቃሻል። ብቻ "መስኮቱ ሥር" ያልሽው ነገር ሥራ አስፈትቶኛል። መስኮቱ ወደ የት ነው የሚከፈተው? ጻፊልኝ።

አያትሽ


ታኅሣሥ 12 ቀን

ለልጅ ልጄ፣

አልጻፍሽም። ሾፌሩ ደጋግሞ መጥቶ ባዶ እጁን አሳየኝ፤ መጨረሻ ላይ ሻይ እንኳ ሳላቀርብለት ሄደ። እኔም እንደ ወትሮው አይደለሁም። የበርጩማ እግር ቆርጬ አንዱን አሳጥሬ ለሰው ሰጠሁ፣ ሰውየው እየተንገጫገጨ መልሶ አመጣው። እነሳለሁ፣ በሩ ድረስ እሄዳለሁ፣ ምን ልፈልግ እንደሄድኩ ይጠፋኛል። ስለዚህ የሆነውን ልጽፍልሽ ነው። መልስ ባትሰጪም ወረቀቱ ይዞልኝ ይሂድ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ልጁ ደግፎት ገባ። ሽማግሌው ልጁ ቤት ሊጦር ወደ ከተማው የተመለሰ ሰው ነው። ምርኩዙን ዘረጋና "ይህን አሳጥርልኝ፤ ረዝሞብኛል" አለኝ። ምርኩዝ አይረዝምም፤ ሰው ነው የሚያጥረው። ይህ ግን ለደንበኛ አይነገርም። እጁ ምርኩዙን የሚይዝበትን ቁመት ልለካ ጎንበስ ስል ጣቶቹን አየሁ። ረጃጅም ናቸው፣ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ተቀልብሳለች። እነዚያን ጣቶች ከራሴ በላይ ሲመጡ ስንቴ እንዳየኋቸው አትጠይቂኝ። ረጅሙ ነበር።

ልጄ፣ ለዚያ ሰው የምናገረውን ያዘጋጀሁት ገና ጢም ሳላበቅል ነው። ጣውላ በላግሁ ቁጥር ያንን ንግግርም ስልገው ኖሬአለሁ። መጀመሪያ ስድብ ነበር፣ ኋላ ምክር ሆነ፣ አያትሽ ካረፈች ወዲህ ደግሞ አጭርና የሚያቆስል አድርጌው ነበር። አንድ ቀን ይመጣል ብዬ ስላመንኩ አልጣልኩትም። መጣ። መጋዙን እንደያዝኩ የት ትምህርት ቤት እንደተማረ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። እኔም እዚያ ነበርኩ አልኩት። ደስ አለው። ደስ ይለዋል ብዬ አልተዘጋጀሁም ነበር።

የሚያስታውሰውን ሁሉ ዘረዘረልኝ። ክፍል ውስጥ ገብቶ የሚተኛ ውሻ ነበር አለ፤ እኔ ውሻ አላስታውስም። መምህሩ ሲቆጣ ትንፋሹ ያፏጭ ነበር አለ። አባቱ ማታ ማታ ይገርፈው ስለነበር ጠዋት ክፍል ሲገባ ቀድሞ በሆነ ሰው ካልሳቀ ማልቀሱ አይቀርም ነበርና ማንም ይሁን ማን በፊቱ ባገኘው ይስቅ እንደነበር ነገረኝ። "ረጅም ነበርኩ፤ የት ልደበቅ?" አለኝ። እንደ ቀልድ ነው ያወራው። ልጁ ግን አልሳቀም።

"ራሱን ሬንጅ የሚቀባ ልጅ አልነበረም?" አልኩት።

አሰበ። ብዙ አሰበ፤ ሊዋሸኝ እንዳልሆነ ከፊቱ አየሁ። "ልጅ አላስታውስም። መንገዱ ሲሠራ ሬንጅ ይሸት ነበር፤ እሱ ትዝ ይለኛል" አለኝ።

አየሽ? ይህን ሁሉ ዘመን እኔ ተሸክሜው የዞርኩትን እሱ እዚያው ደጃፉ ላይ ጥሎት ሄዷል። አስታውሶ ቢክደኝ ይሻለኝ ነበር፤ ካድክ ብዬ እጣላው ነበር። የማያስታውስን ሰው በምን ይጣሉታል?

ከዚያ ራሱ ቀጠለ። "አንድ የማልረሳው አግዳሚ አለ" አለ። "ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር። ነፋስ ይገባበታል፣ መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል፣ የመምህሩ ዱላ አይደርስበትም። አንድ ልጅ ብቻውን ይዞት ነበር። ጥሎት ሲሄድ እኔ ልያዘው እኔ ልያዘው ተባብለን ተፈነካከትን።" ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቱ አሳየኝ። "ይኸውልህ፣ ለእሱ ነው" አለኝ።

ምርኩዙን ከሥሩ ቆርጬ ጎማውን መልሼ ሰጠሁት። ያዘጋጀሁትን አልተናገርኩም። ስሜንም አልነገርኩትም። ሲወጡ ቁጭ አልኩ። ደክሞኝ አልነበረም።

አሁን የምልሽ ምክር አይደለም። ምክር ባለፈው ሰጥቼሻለሁ፣ አትለማመጪ ብዬ፣ እሱን አልሰርዘውም። ግን እኔ አንድ ነገር ሳላይ ነው የወጣሁት። ያ አግዳሚ እስከ ዛሬ ባዶውን ቆሞ እኔን እያማ ይመስለኝ ነበር። ለካ በበነጋታው ደም ፈሶበታል። አንቺ ሄደሽ እዪልኝ። አንድ ቀን ብቻ። ዴስክሽ ባዶ ከሆነ ተሸንፌአለሁ፤ በሾፌሩ አስጭኚውና ነይ፣ ሰንጥቀን በርጩማ እናደርገዋለን፣ ሙያውንም አስተምርሻለሁ፣ ለእናትሽም እኔው እነግራታለሁ። ሰው ተቀምጦበት ካገኘሽ ግን ፊቱ ቁሚና "ይህ የኔ ነው" በይ። እሱን እኔ አላልኩትም።

አያትሽ


ታኅሣሥ 25 ቀን

ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሳልዎስ? ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተቆጥቼ ነበር፤ ኋላ ደግሞ ቁጣው ሲያልፍ አፈርኩ።

መስኮቱ ወደ መንገዱ ነው የሚከፈተው።

ለእማዬ ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር፣ አልጮኸችም። የእርስዎን ደብዳቤዎች ካላየሁ ብላ ወስዳ አነበበች፤ ሳላስፈቅድዎ ነው። ሬንጁ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አጥፋ ተነሳችና ለረጅም ጊዜ ዕቃ ስታጥብ ቆየች። የታጠበ ዕቃ ነበር። በማግስቱ ጠዋት "ተነሺ፣ እስከ በሩ አደርስሻለሁ፤ ከበሩ ወዲያ ያንቺ ነው" አለችኝ።

ዴስኩ ባዶ አልነበረም። አብራኝ ትቀመጥ የነበረችውና ታግደው ከነበሩት አንዷ፣ ባለቁልፏ፣ ተቀምጠውበታል። ቀሚሴን ጨብጬ ፊታቸው ቆምኩ። ባለቁልፏ ቀና ብላ "ሬዲዮ" አለች።

"ዴስኩ የኔ ነው" አልኩ።

"አውቃለሁ። ሾፌራችሁ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ነግሮናል" አለች።

አንዳንዶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቄ አመለጠኝ፣ ልከለክለው አልቻልኩም። ባለቁልፏ አልሳቀችም። አልተነሳችም። ግን ትንሽ ፈቀቅ አለች። ሌላዋም ፈቀቅ አለች። ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ዴስኮች ላይ የወጣው ሚስማር ቀሚሳቸውን እየቀደደ እንዳስቸገራቸው፣ የእርስዎ ግን ምንም እንደማይቀድ በኋላ ሰማሁ። የመጡት ለዚያ ነው፣ ለእኔ ብለው አይደለም።

ጓደኞች ሆነናል እንዳይሉ። በእረፍት ሰዓት አሁንም ብቻዬን ነኝ። "ሬዲዮ" የሚለውም ስም አለ። ባለቁልፏ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፤ "እኔኮ መምህሩን ሲያስላቸው አልሰማሁም ነበር" አለችኝ። ትናንት እርሳሴን ተዋሰችኝ፣ አልመለሰችም። ለፈተናው እቀመጣለሁ።

ሦስት ሆነን ስንቀመጥበት ግን መሃሉ ይጮሃል። ይሰበራል ወይ? ደግሞስ ለእኔ ለአንዷ ከሠሩት ለምን ይህን ያህል አስረዘሙት?

የልጅ ልጅዎ


ጥር 6 ቀን

ለልጅ ልጄ፣

አይሰበርም። የኔ ሥራ አይሰበርም። የሚጮኸው ለሁለት ሰው የሚሆን እንጨት ላይ ሦስት ስለሆናችሁ ነው፤ ይችላችኋል፣ ግን እየተናገረ ነው የሚችለው። ከሾፌሩ ጋር አንድ የመሃል እግር ልኬአለሁ። ምን እንደሆነ አልነገርኩትም፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የሰጠሁት። እግሩን ብቻሽን ልታስገቢው አትችይም። ዴስኩ ይገለበጣል፣ አንድ ሰው አጥብቆ ይይዘዋል፣ ሌላው በእንጨት መዶሻ ይመታል። ባለቁልፏን ጥሪያት። አንድ መምህር ቆልፋ የያዘች ልጅ አንድ ዴስክ መያዝ አያቅታትም። እርሳሱን ተዪላት።

ደብዳቤዎቹን ለእናትሽ በማሳየትሽ ሦስት ቀን ተቆጣሁ። በአራተኛው ቀን ደወለች። ስለ ሬንጁ አንድም ቃል አላነሳችም። ፀጉሬ ያኔ ሲላጭ እንዴት እንደነበር ብቻ ጠየቀችኝ፣ እኔም "ቀዝቃዛ ነበር" አልኳት። የስልኩ ባለቤት "ተቋረጠ እንዴ?" አለኝ።

ለምን አስረዘሙት ላልሽው ይኸውልሽ። ያ ጣውላ ላንቺ የተቀመጠ አልነበረም። አያትሽ ከተጋባን ጀምሮ "በሩ ላይ ሁለታችን ጎን ለጎን የምንቀመጥበት አግዳሚ ሥራልኝ" ትለኝ ነበር። ለሰው ሁሉ እሠራለሁ፤ ለእሷ ሲሆን "ያንቺ ነገ" እላታለሁ። አንድ ቀን ግን ደህና ጣውላ መረጥኩ፣ በእሷ ስንዝር ለክቼ ቆረጥኩ፣ ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩት። እዚያው እንደቆመ እሷ ሄደች። ያንቺን ስጀምር ለአንድ ሰው እንዲሆን ላሳጥረው መጋዙን ጣውላው ላይ አስቀመጥኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ሁለተኛም ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። እንግዲህ አሠራሩ የአንድ ሰው፣ ርዝመቱ የሁለት ሰው ሆኖ ተላከልሽ። ሞኝነቴ ነው ብዬ ነበር። እሷ ብትኖር "ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮልክም" ትለኝ ነበር።

ባለፈው ቦታው የጠፋኝ ቃል ተገኝቷል። ይቅርታ። አሁን ደንበኛ አልገባም።

በሩ ላይም ከተረፉት ጣውላዎች አንድ አግዳሚ ሠርቻለሁ፤ ያማረ አይደለም፣ ግን ለሁለት ይሆናል። ይህን የምጽፍልሽ እሱ ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ሐሳቡ ሲሸሸኝ ተነስቼ አልከተለውም፤ ሲመለስ እጽፈዋለሁ።

ትናንት ረጅሙ ተመልሶ መጣ። ምርኩዙ እንደገና ረዝሞበታል። ልጁን ወደ ሥራው ሰደደውና "እስክትቆርጠው እዚህ ልረፍ" ብሎ አጠገቤ ቁጭ አለ። መንገዱን ሲያይ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ። "ለመሆኑ አንተ የትኛው ነበርክ?" አለኝ።

ያ ያዘጋጀሁት አጭሩ ነገር አፌ ላይ ነበር። ምርኩዙን ገልብጬ ጎማውን እያወለቅሁ፣ "መስኮቱ ሥር የነበርኩት" አልኩት።

ቅንድቡን በጣቱ ነካ አደረገ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

"ታድለህ" አለኝ።

አያትሽ